ከሀና ጎን

ብርኖ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለተስፋነሽ ሙሴ
ሰበታ

ተስፍዬ፣ የጌታ ሰላም በቤትሽ ይሁን። አንቺ እንዴት ነሽ? ልጅሽ ማርቲ፣ ባለቤቷና ልጆቿስ? ጉልበትሽን ባለፈው በስልክ ስጠይቅሽ “ደህና ነው” ብለሽኛል፤ ድምፅሽ ግን አላማረኝም። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ሩታም ደህና ናት፤ ሥራ ቢበዛባትም እሑድ እሑድ እየመጣች ታበስልልኛለች። ቼክ አገር በዚህ ወር ቅጠሉ ሁሉ ረግፎ ያልቃል፤ ቀኑም ሳይጀምር ይመሻል።

በስልክ መገናኘት ስንችል ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። የምነግርሽን ነገር ሁለቴ በስልክ ልጀምረው ሞክሬ አቅቶኛል። ታለቅሻለሽ ብዬ እፈራለሁ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ “እሺ፣ እሺ” ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ ሩታ ፎቶ አንስታ በማርቲ ስልክ ትልክልሻለች። አንቺም ጊዜ ወስደሽ በእጅሽ ጽፈሽ መልሺልኝ። ያን ልቅም ያለ የእጅ ጽሕፈትሽን ካየሁ ቆየሁ።

ነገሩ ይህ ነው። እኔ ሳርፍ እንደ ባለቤቴ እንደ ሀና እንዲያደርጉኝ ለሩታ ነግሬያታለሁ። ሀና ያረፈች ጊዜ “የት ቀበራችኋት?” ስትይኝ “በክብር ሸኘናት” ብዬ ነው ያለፍኩት። እዚህ አገር አብዛኛው ሰው አይቀበርም፣ ተስፍዬ። አስከሬኑ ይቃጠላል። አመዱ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይታሸግና መቃብር ቦታው ውስጥ ባለ ግድግዳ ላይ፣ ትንሽ መዝጊያ ባላት ክፍል ይቀመጣል። መዝጊያዋ ላይ ስም ይጻፋል። የሀና እናትና አባት እዚያ ናቸው፤ ሀናም ከእነሱ ዝቅ ብላ ናት። የእሷ ክፍል ለሁለት የሚሆን ነው። ሁለተኛው ለእኔ ነው።

ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው። እንድትፈቅጂልኝ ብዬ አይደለም። ወይም ደግሞ፣ እንጃ፣ እንድትፈቅጂልኝ ብዬ ይሆናል።

ሰላምታዬን ለጎረቤቶችሽ ሁሉ አቅርቢልኝ። ጌታ ይጠብቅሽ።

ወንድምሽ ሕዝቅያስ


ሰበታ፣ ጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበርክ ወንድሜ ለጋሼ ሕዝቅያስ
ብርኖ

ጋሼ፣ የእግዚአብሔር ጸጋ ይብዛልህ፣ በወጣህበት በገባህበት እጁ ካንተ ጋር ትሁን። እኛ ሁላችን ደህና ነን። የገና በዓልን ማርቲ ከቡራዩ ልጆቿን ይዛ መጥታ አብረን ዋልን። ጉልበቴ እንደነገርኩህ ነው።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። ማርቲ አነበበችልኝ፤ ግማሹ ላይ ስትደርስ ማንበብ አቃታት። ስልኩን ተቀበልኳትና መነጽሬን አድርጌ ራሴ ጨረስኩት። ከዚያ ወዲህ መልስ ልጽፍ ስንቴ ተቀምጬ ስንቴ ተነሣሁ። የምጽፈው ሁሉ ስድብ እየሆነብኝ ቀደድኩት።

ጋሼ፣ የሚቃጠለው ቆሻሻ ነው እንጂ ሰው ነው? ሀናን እወዳታለሁ፤ የመጣችልኝ ዓመት ጓዳዬ ገብታ ሽንኩርት ስትልጥልኝ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ስንስቅ የዋልነው ዛሬም ፊቴ ላይ ነው። እሷን እንዲያ አድርጋችኋት ስታበቃ ለእኔ “ሸኘናት” አልከኝ። ይሁን፣ እሷ በአገሯ ወግ ሄደች። አንተ ግን የሙሴ ልጅ ነህ።

አባዬ ያረፈ ጊዜ እኔ ትንሽ ብሆንም አልረሳሁትም። አዲስ እምነት ይዟል ተብሎ መቀበሪያ ተከልክሎ፣ ሬሳው ጋሪ ላይ ሆኖ ስንንከራተት፣ ከፉሪ በታች ኦቦ ቀጄላ ከማሳቸው ብቅ አሉ። አያውቁንም፤ ከከምባታ የመጣን የፋብሪካ ሠራተኛ ቤተሰብ ነን። ማን እንደሞተ ጠየቁ። ከዚያ በሬዎቻቸውን ፈትተው “ኮታ” አሉን፣ ኑ ማለታቸው ነው። ከማሳቸው ጥግ፣ ባሕር ዛፉ ስር፣ በገዛ እጃቸው መቆፈር ጀመሩ። እማዬ እግራቸው ላይ ስትወድቅ “ላፍቲ ከን ዋቃቲ” አሏት። መሬት የእግዚአብሔር ነው አሏት እኮ፣ ጋሼ! ከዚያ በኋላ የእኛ ሰው ሁሉ የተቀበረው እዚያች ጥግ ነው። እማዬም ከአባዬ ጎን አለች። ከእማዬ ቀጥሎ ያለውን ቦታ ላንተ ብዬ ጽድ ተክዬበት፣ በየዓመቱ አረሙን የምነቅለው እኔ ነኝ። ያን መሬት ያገኘነው እንዲህ ሆነን ነው። አንተ ግን አልፈልገውም ትላለህ።

ፓስተር ዳዊትን ጠየቅኳቸው። “ጌታ ከእሳትም ከባሕርም ያስነሣል፣ ይህ አያስጨንቅሽ፤ ግን እኛ ሰውን የምንቀብር ሕዝብ ነን” አሉኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ደግሞስ ለምን አሁን ጻፍክልኝ? አሞሃል እንዴ? እውነቱን ንገረኝ።

የምትወድህና የተናደደችብህ እህትህ፣
ተስፋነሽ


ብርኖ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ተስፍዬ፣ እንኳን ለጥምቀት ሰሞን በሰላም አደረሰሽ። አንቺ ባታከብሪውም እትዬ የሺወርቅ ቤት ሄደሽ እንደበላሽ አውቃለሁና። የዚያችን ደግ ጎረቤት እጅ ጌታ ይባርክ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። “የምትወድህና የተናደደችብህ” የሚለው ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ ሩታ ምን አገኘህ ብላ ከወጥ ቤት መጣች። አሞሃል ወይ ላልሽው፣ በዚህ ዕድሜ ያላመመው ማን አለ?

አሁን ደግሞ እኔን ስሚኝ። አንቺ የምታስታውሺው ኦቦ ቀጄላን ነው። ያን ጊዜ እናታችን ጀርባ ላይ ተኝተሽ ነበር የመጣሽው፤ ከዚያ በፊት የሆነውን አላየሽም። እኔ አይቻለሁ። አባዬን በቡልኮ ጠቅልለን፣ ጋሪውን እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ ሁለት የመቀበሪያ ቦታ በር ላይ ቆመናል። በመጀመሪያው በር የወጣው ሰው “የእናንተ ቦታ እዚህ አይደለም” አለን፤ እሱስ ቢያንስ አንገቱን ደፍቶ ነው። በሁለተኛው በር ግን አንድ ሰው ሳይወጣ፣ ከውስጥ ሆኖ፣ “ሳይሸት ውሰዱት” አለ። ማታ ማታ የሚያነብልኝን፣ ከፋብሪካ ሲመጣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ያለበትን አባቴን። እማዬ ወደ እኔ ዞራ “አልሰማህም፣ አይደል?” አለችኝ። “አልሰማሁም” አልኳት። ዝናቡ ቡልኮውን ሲያረጥበው እጄን ዘርግቼ ፊቱን ልከልልለት እሞክር ነበር።

ኦቦ ቀጄላ ያደረጉልንን አልረሳሁም። ግን አንቺ ከዚያ ቀን የያዝሽው የተሰጠንን መሬት ነው፤ እኔ የያዝኩት በሩን ነው። ሬሳ ሆኜ የሰው በር ላይ መቆም አልፈልግም። ልጄ ወረቀት ይዛ፣ በአውሮፕላን ጭና፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ስለ እኔ ስትለምን ማሰብ አልችልም። ትንሽ ሆኜ፣ ቦታ ሳልይዝ፣ ማንንም ሳላስቸግር ብሄድ ነው የምወደው።

ሀናም አለች። ሕመሙ ሊያደክማት ሲጀምር አልጋው ላይ ሆና “ጎኔን ክፍት ትቼልሃለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው እንዳትዘገይ” አለችኝ። እዚህ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ምግብ ቤት ከተዋወቅንበት ቀን ጀምሮ ዘግይቼ ያላስጠበቅኳት ጊዜ የለም። ሳቅን። የመጨረሻ ሳቃችን እሱ ነው።

ለሩታ የነገርኳት ሌላም ነገር አለ፤ ሁሉንም ልንገርሽ ካልኩ አይቀር። እዚህ ብዙ ሰው ያለ ሥነ ሥርዓት ነው የሚሸኘው። ዘመድ ጓደኛ አይጠራም፣ ጸሎትም መዝሙርም የለም፤ ሠራተኞቹ ያደርሱታል፣ በኋላ ቤተሰብ ሄዶ አመዱን ይቀበላል። እኔንም እንደዚያ አድርጉኝ ብያታለሁ። ማን ይመጣል ብለሽ ነው?

ተቆጪኝ፣ ግን ጻፊልኝ።

ሕዝቅያስ


ሰበታ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን።

ብዙ ጊዜ ዝም አልኩህ። ስለ እሳቱ አስቤ አስቤ ትንሽ ልቤ ሊረጋ ሲል ያ የመጨረሻው ነገርህ ይመጣብኛል። ያለ ሰው፣ ያለ መዝሙር! እዚህ እድራችን ውስጥ ማንም የማያውቀው የቀን ሠራተኛ ሲሞት እንኳ እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ። አንተ “ማን ይመጣል” ትለኛለህ?

ደግሞ ዋሽተኸኛል። ሩታ ለማርቲ ነግራታለች። ልብህ ደክሟል አሉ። ደረጃ መውጣት አቅቶህ ዕቃህን ወደ ምድር ቤት አውርደሃል አሉ። “በዚህ ዕድሜ ያላመመው ማን አለ” ብለህ ነው ያለፍከኝ። እኔ እኮ እህትህ ነኝ፤ ሐኪምህ እንኳ ያወቀውን እኔ ላውቅ አይገባም?

አሁን የምጽፍልህ ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። ከፉሪ በታች መንገድ ሊወጣ ነው። የአባዬና የእማዬ ቦታ መንገዱ የሚያልፍበት ላይ ነው ተብሏል። ቤተ ክርስቲያናችን ተነጋግራ ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ኮረብታው ላይ፣ ሌላ ቦታ ተሰጥቷታል። አጽሙን የየቤተሰቡ ሰው ባለበት በግንቦት ወር እናነሣለን። ከእኛ ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሼ፣ ሬሳህ መጣልኝ አልመጣልኝ ብዬ ስጣላህ ከረምኩ። ሌሊት ሳስበው ግን የምፈልገው አንተን ነው። በሕይወት እያለህ ና። አባታችንን አብረን እናንሣው። በረንዳዬ ላይ ተቀመጥ፣ እኔ ልብስ ስሰፋ አንተ ዝም ብለህ ጋዜጣ አንብብ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

ተስፋነሽ


ብርኖ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ተስፍዬ፣ የእናቴ ልጅ፣

ሩታ ያተመችልኝን ደብዳቤሽን ይዤ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። ሴት ናት፣ ደግ ናት። “እህቴ ጠርታኛለች” አልኳት። ወረቀቱን አይታ ስለ ፊደሉ ጠየቀችኝና አነበብኩላት፤ እየተረጎምኩ። ስለ በረንዳው ያለው ላይ ስደርስ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ግን በአውሮፕላን መሄድ እንደማልችል ነገረችኝ። ሰበታ ከፍታ ላይ ናት፣ ልብህ አይችለውም አለችኝ። ሩታም አጠገቤ ነበረች፤ ልትለምናት ሞክራ ነበር።

መታመሜን የደበቅኩሽ ከዚህ የተነሣ ነው። ከነገርኩሽ “ና” እንደምትዪኝ፣ እኔም “አልችልም” ማለት እንደሚኖርብኝ አውቅ ነበር። ያን ቃል ላለመጻፍ ነው የሸሸሁት። አሁን ጻፍኩት።

አባዬን አንቺ አንሺው። ብቻሽን አትሁኚ፣ የኦቦ ቀጄላ ልጅ ገለቴ አብራሽ ትሁን። ከዚያ ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ። “ጋሼን እንዳይረብሸው” ብለሽ ምንም አታስቀሪ። ያን ጊዜ እማዬ “አልሰማህም፣ አይደል?” ስትለኝ አልሰማሁም አልኳት፤ አሁን ግን መስማት እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ


ሰበታ፣ ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ሕዝቅያስ፣ ለወንድሜ፣

ጌታ ልብህን ያጽናልህ። ሁሉንም ጻፊ ብለሃልና ሁሉንም እጽፋለሁ፤ ቀስ ብለህ አንብበው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ፓስተር ዳዊት ጸለዩ፣ መዘምራን ትንሽ ዘመሩ፤ ከዚያ ቆፋሪዎቹ በየቤተሰቡ ተራ ጀመሩ። ገለቴ ካባቷ ቤት በርጩማ አምጥታ “ኮቱ ታኢ” ብላ አስቀመጠችኝ። እጄን ይዛኝ ነበር። ማልቀስ ስጀምር “ህን ቦእን፣ አታልቅሺ፤ አባቴ ጠብቋቸዋል” አለችኝ። እሷ ግን ራሷ ታለቅስ ነበር።

አናጺው የሠራቸው ሣጥኖች ተደርድረዋል። ሳያቸው የተሳሳተ መሰለኝ። “ልጄ፣ ይሄማ የሕፃን ነው” አልኩት። “አይ እማማ፣ ይበቃል” አለኝ። እንዴት ይበቃል ብዬ ልከራከረው ስል ቆፋሪው ጠራኝ።

ጋሼ፣ አባዬ የለም። ማለቴ፣ አለ፤ ግን ትንሽ ነው። የእግሩ አጥንት፣ የመንጋጋው፣ ጥቂት ሌላ፣ ከዚያ ጠቆር ያለ አፈር። ቁመቱን ታስታውሳለህ? በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው እኮ ነበር። ቆፋሪው ልጅ ጓንት አድርጎ፣ በሁለት እጁ እፍኝ እያደረገ፣ በጥንቃቄ አወጣው፤ ስሙን እንኳ የማላውቀው ልጅ ነው፣ ጌታ ይባርከው። የእማዬ ትንሽ ይበልጣል። አንገቷ ላይ ያደረግንላት ሻርፕ ናይለን ስለሆነ አልበሰበሰም፤ ቀለሙ ብቻ ሄዷል። 

ከዚያ ልጁ ቀና ብሎ “እማማ፣ ለየብቻ ይሁኑ ወይስ አንድ ላይ?” አለኝ።

“አንድ ላይ ነዋ!” አልኩት። ተቆጣሁት እንኳ። “ባልና ሚስት እኮ ናቸው፣ እንዴት ትለያያቸዋለህ?”

በአንዱ ሣጥን አደረጋቸው። ተርፎ ቦታ ነበረው።

ቤተ ክርስቲያን በተከራየችው ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ምን እንደያዝን አልገባውም መሰለኝ “እናት፣ ዕቃው ከላይ ይጫንልዎት?” አለኝ። “አይ፣ እይዛቸዋለሁ” አልኩት። ጭኔ ላይ አደረግኳቸው። ቀላል ነበሩ። እማዬ እኔን አዝላኝ ነበር አላልክም? አሁን ደግሞ እኔ ሁለቱንም ይዤ ሰበታን አቋርጥ ነበር። ሰው ገበያ ይወጣል፣ ባጃጁ ይጮኻል፣ ማንም አያውቅም።

ያንተ ደብዳቤ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። አሁን ያን ልጅ የተቆጣሁበት ቃል በሙሉ ያንተ ቃል እኮ ነው። ባልና ሚስት ናቸው፣ እንዴት ትለያያቸዋለህ! ለእናቴና ለአባቴ ሳላስብ ያልኩትን ለወንድሜ ስከለክል ከረምኩ። ደግሞ እሳቱን እንዲያ ስፈራው፣ አፈሩም ያንኑ አድርጓል፤ አፈሩ ቀስ አለ እንጂ። ጌታ ከዚያ እፍኝ ነገር አባዬን ሊያስነሣው ከቻለ አንተን ከግድግዳ ውስጥ ማስነሣት አያቅተውም። ይህን ለፓስተር ዳዊት ስነግራቸው “እኔም ዛሬ ብዙ ነገር አየሁ” አሉ።

ኮረብታው ላይ ስንደርስ፣ ጋሼ፣ በሩ ላይ ያስቆመን ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አለ፤ ሣጥኑን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ እስክናልፍ ድረስ ቆመ። አንተን አሰብኩህ።

ስለዚህ ከሀና ጎን ሁን። ፈቅጄልሃለሁ። ምንም ቅር አይለኝም አልልህም፤ ቅር ይለኛል፣ ግን ፈቅጄልሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ። ብቻህን አትሂድ። እሳቱን ችዬዋለሁ፤ ያለ ሰው መሄድህን ግን አልችለውም። ሩታ ትቁም፣ ጎረቤት ይጠራ፣ አንድ መዝሙር ይዘመር። በዚያ ቀን እዚህም እኛ እንቆማለን።

እህትህ ተስፋነሽ


ብርኖ፣ ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ተስፍዬ፣

ምን ብዬ ሰላም ልበልሽ? ሰላምታው ሁሉ አነሰኝ።

ደብዳቤሽን ሩታ አትማ አመጣችልኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ አማርኛ ብትናገርም ማንበብ አላስተማርናትም። “ተርፎ ቦታ ነበረው” የሚለው ላይ ስደርስ ሁለታችንም ማለፍ አቃተን። ከዚያ መኪናዋን አስነሥታ ሀና ዘንድ ወሰደችኝ። አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩት። ሩታ ስለ ረዳቱ ያለውን ለእናቷ በቼክኛ ነገረቻት፤ ሀና ብትሰማ ምን ያህል እንደምትስቅ እያሰብን።

ዘበኛው ባርኔጣውን ያወለቀበትን ቦታ ስንቴ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ዕድሜዬን ሙሉ ያ በር ተዘግቶ ነው የኖረው፣ ተስፍዬ። አባዬ ገባ። አንቺ አስገባሽው። ሌላ የምፈልገው የለም።

ላልሽው ነገር እሺ ብያለሁ። ለሩታ የነገርኳትን ሽሬያለሁ። ትንሽ አዳራሽ አለ፤ እዚያ ይሆናል። ማን ይመጣል ብዬሽ ነበር፤ ሩታ ከፋብሪካው የቀሩትን ሽማግሌዎች ስልክ መሰብሰብ ስትጀምር ብዙ ሆኑ። ፎቅ ቤት ያለችው ጎረቤቴ ከአሁኑ “ኬክ እጋግራለሁ” ብላኛለች፤ ገና አልሞትኩም ብላት “ታዲያ አሁን እጋግርልሃለሁ” ብላ ጋገረች። በላን።

መዝሙሩን አንቺ ምረጪ። ረጅም አይሁን፤ እዚህ ሰው ቶሎ ይደክመዋል።

ቅር ማለትሽን ስላልደበቅሽኝ አመሰግንሻለሁ። እኔም ያንቺን በረንዳ ባለማየቴ ቅር ይለኛል።

የሙሴ ልጅ፣ ወንድምሽ


ሰበታ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩታ ሕዝቅያስ
ብርኖ

ሩትዬ፣ የአባትሽ አምላክ ያጽናሽ፣ በእቅፉ ይያዝሽ። ይህን ማርቲ በስልክ ታነብልሻለች፤ ወረቀቱን ግን ላኪልኝ ባልሽው አድራሻ በፖስታ እልክልሻለሁ፣ ምክንያቱን ከታች ታገኚዋለሽ።

አባትሽ በተሸኘበት በዚያ ቀን አንቺ ያለሽበትን ወገን አይተናል። ማርቲ ስልኩን ጠርሙስ ላይ አስደግፋ ድንኳኑ መሐል ጠረጴዛ ላይ አቁማው ነበር። አበባውን አየን፣ ጥቁር ኮትሽን አየን፣ ሽማግሌዎቹ እየተደጋገፉ ሲገቡ አየን። አባትሽ “ማን ይመጣል” ያለው ነገር! የቆሙም ነበሩ። አንቺ ያላየሽውን የእኛን ወገን ልንገርሽ።

ድንኳን ተተከለ፤ እድሩ ወንበርና ድስት አመጣ፤ ገለቴ ከፉሪ ልጆቿን ይዛ መጣች። የሬሳ ሣጥን ስለሌለ መጀመሪያ ሰዉ ግራ ገባው። ጎረቤቴ እትዬ የሺወርቅ፣ እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ አጠገቤ ተቀምጣ “ተስፍዬ፣ አስከሬኑ መቼ ነው የሚገባው?” አለችኝ።

“አይገባም” አልኳት።

“እዚያው ቀበሩት?”

ልዋሽ እችል ነበር። አዎ ብላት ነገሩ ያልቃል። “አይደለም፤ እንደ አገሩ ወግ ያቃጥሉታል፣ አመዱ ከሚስቱ አመድ ጋር ይቀመጣል። እሱ ራሱ ነው የፈለገው፣ እኔም እሺ ብዬዋለሁ” አልኳት። በዙሪያችን ያሉት ሰሙ። 

እትዬ የሺወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። “እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አልወድም፣ እውነቱን ልንገርሽ” አለችኝ። “ግን ጋሽ ሕዝቅያስ እናቱ ቤት ሲመጣ ለእኔም መድኃኒት ይዞልኝ የሚመጣ ሰው ነበር። ሦስቱንም ቀን አልነሣም።” አልተነሣችም። ከእሷ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

እናንተ አዳራሹ ውስጥ ዝም ስትሉ መዘምራኑ ጀመሩ። አጭር ይሁን ብሏል ብያቸው ነበር፤ እነሱ ግን ደገሙት። ፓስተር ዳዊት ሊያቆሟቸው እጃቸውን አነሡና መልሰው አወረዱት። እናንተ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ አየሁ። ቃሉ ባይገባቸውም ቆመው ጨረሱት። በስሜ አመስግኚልኝ።

እናንተ ዘንድ በሣጥኑ ፊት መጋረጃው ሲዘጋ ዓይኔን አልጨፈንኩም። እጨፍናለሁ ብዬ ነበር።

አሁን መዝጊያው ላይ ስለሚጻፈው ጠይቀሽኛል። አንቺ ማንበብ ስለማትችይ፣ ቀራጩም ፊደላችንን ስለማያውቅ፣ ትልቅ አድርጌ በወፍራም እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ፤ ሥር አስምሬበታለሁ፣ እንዳይገለብጠው። ወረቀቱን ራሱን ስጪው። “ቅ” ጎን ያለችው ትንሽ ጭረት እንዳትቀር ንገሪው፤ እሷ ከቀረች ሌላ ፊደል ይሆናል። “ያ” ላይም አይቸኩል። የአያትሽንም ስም ጨምሬበታለሁ፣ አባትሽ የሙሴ ልጅ መባል ይወድ ነበር።

ደግሞ፣ ሩትዬ፣ ቅር ካላለሽ፣ የእናትሽ ስም በእናንተ ፊደል ብቻ ነው ያለው ብለሽኛል። እሷንም በእኛ ፊደል ጽፌልሻለሁ። የሁለቱም ስም በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጀምራል፣ ፊደሉ ግን የተለያየ ነው፤ ቀራጩ የተሳሳትኩ መስሎት አንዱን እንደ ሌላው እንዳያስተካክለው። እንዳለ ይቅዳው።

በረንዳው ላይ ወንበር አለ። ስትችይ ነይ።

አክስትሽ ተስፋነሽ ሙሴ

ሀና

ሕዝቅያስ ሙሴ